ቁም! ስድስት ቀን በቅዱስ ኤፍሬም ሀገር

ነገሩ የተጀመረው እናቴ ጓዳ ነው። እማዬ በየጠዋቱ ቡና ከመቁላቷ በፊት ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። የዕለቱን ትጨርስና መጽሐፉን ስማ መደርደሪያው ላይ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ደራሲው ማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ቅዱስ ኤፍሬም ነዋ፣ ሶርያዊው።»

«በምን ቋንቋ ደረሰው?»

«በግዕዝ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

ኤፍሬም ግን ግዕዝ አይናገርም። የእሱ ቋንቋ ሊቃውንቱ ሱርስት የሚሉት ነው፤ ከአራማይክ ቅርንጫፎች አንዱ። ያን ቀን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እንደኛው ሰዎች ነበሩ። ልጅ ይቆጣሉ፣ ሽንኩርት ይከራከራሉ፣ ጎረቤት ያማሉ። በምን ቋንቋ? የዓመት ፈቃዴን ይዤ ወደ ቱርክ ሄድኩ። እነሆ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። (የጉዞው ቀን በኛ፣ የታሪኩ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ጥቅምት 8፣ ኢስታንቡል

እኔ ደረስኩ፣ ሻንጣዬ አልደረሰም። የአየር መንገዱ ሠራተኛ «ነገ» አለችኝ። «ነገ» ሁለት ቀን ፈጀች። የኢስታንቡል የመጀመሪያ ግዢዬ ካልሲና የጥርስ ብሩሽ ሆነ።

ቁርስ ሲሚት በላሁ። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው፤ 20 ሊራ። ሊራ በዚያ ሰሞን ሦስት ብር ተኩል ገደማ ስለነበር 70 ብር መሆኑ ነው። ከዚያ በእግሬ ወደ አርኪዮሎጂ ሙዚየም። ለውጭ ሰው መግቢያው በዩሮ ነው የሚተመነው፤ ወደ ብር ቀይሬ ላስብ ብዬ ተውኩት።

የሄድኩት ለአንድ ድንጋይ ነው። ሰባት መስመር የግሪክ ጽሑፍ አለበት። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ከሩቅ እንዲነበብ ተብሎ የተቀረጸ። ሄሮድስ ባሠራው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ አጥር ላይ የነበረ ማስጠንቀቂያ ነው። ከአሕዛብ ወገን የሆነ ሰው ከዚህ አጥር እንዳያልፍ፣ አልፎ የተያዘ ግን ለሞቱ ተጠያቂው ራሱ እንደሆነ ይናገራል። በ1871 ክሌርሞን ጋኖ የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር ኢየሩሳሌም ውስጥ አገኘው። አገሩ ያኔ በኦቶማን እጅ ስለነበር ድንጋዩ እዚህ መጣ።

ፊት ለፊቱ ቆሜ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ትዝ አለኝ። ጳውሎስ የተያዘው ኤፌሶናዊውን ጥሮፊሞስን ከዚሁ አጥር አሳልፎ አስገብቷል ተብሎ ነው። ሕዝቡ ሊገድለው ሲል ወታደሮች ነጠቁት። ጳውሎስ ሻለቃውን በግሪክ ሲያናግረው ሻለቃው ገረመው፤ ግብፃዊ ሽፍታ መስሎት ነበር። ቀጥሎ ወደ ሕዝቡ ዞሮ መጽሐፉ «ዕብራይስጥ» በሚለው ቋንቋ መናገር ጀመረ። ብዙ ምሁራን አራማይክ ነው ይላሉ። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ጸጥ አለ። ደረጃ ላይ ቆሞ፣ በደቂቃ ውስጥ፣ ቋንቋ ቀየረ።

መርካቶ የሚሠራ ሰው ይሄ አይደንቀውም። ከደንበኛው በአማርኛ፣ ከጎረቤት ሱቅ በጉራግኛ፣ ስልክ ሲደወል በኦሮምኛ። የዚያን ዘመን ኢየሩሳሌምም እንደዚያው ነበረች።

የአዲስ ኪዳን ግሪክ ራሱ የቤተ መንግሥት ግሪክ አይደለም። ድሮ አንዳንድ ሊቃውንት ከጥንቱ የፈላስፎች ግሪክ ስለሚለይ መንፈስ ቅዱስ ለብቻው ያዘጋጀው ቋንቋ መስሏቸው ነበር። ኋላ ግብፅ ውስጥ ከቆሻሻ ክምር የፓፒረስ ቁርጥራጭ በገፍ ወጣ። ደረሰኝ ነው፣ የሠርግ ጥሪ ነው፣ የብድር ወረቀት ነው። ግሪኩ ግን ያው የወንጌሉ ዓይነት ግሪክ ነው፤ የገበያ ግሪክ። ከሁሉ የምወደው ቴዎን የሚባል ልጅ ለአባቱ የጻፈው ነው። አባትየው ወደ እስክንድርያ ሲሄድ ልጁን ጥሎት ሄዷል። ልጁ ሆሄ እየሳተ ይዝታል። ካልወሰድከኝ ደብዳቤ አልጽፍልህም፣ አላናግርህም፤ ክራር ላክልኝ፣ ካልላክህ አልበላም፣ አልጠጣም።

ይህ ወረቀት የተገኘበት ኦክሲሪንኩስ ዛሬ አል ባህናሳ ይባላል። ቅዳሴ ማርያም የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ቀና ማለት አለበት። የቅዳሴው ደራሲ የአባ ሕርያቆስ ዘብሕንሳ ብሕንሳ ናት።

ጥቅምት 10፣ ኡርፋ

ሻንጣዬ መጣች። በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ኡርፋ።

ኡርፋ የጥንቷ ኤዴሳ ናት። ሶርያውያኑ ኡርሆይ ይሏታል፣ ዓረቦቹ ሩሃ፣ የኛ መጻሕፍት ደግሞ ሮሃ። የላሊበላ የቀድሞ ስም ሮሃ ከዚህችው የመጣ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ሱርስት የተባለው ቋንቋ የዚህች ከተማ ሰው የሚናገረው አራማይክ ነበር። የሠፈር ቋንቋ አድጎ ከሜድትራንያን እስከ ቻይና ጸሎት ተደረሰበት። ኤፍሬም የሞተው እዚህ ነው፣ በ373።

ሞዛይክ (ከጥቃቅን ባለቀለም ድንጋይ የተገጣጠመ ሥዕል) ሙዚየሙ ውስጥ የግሪክ ተረቱ ሙዚቀኛ ኦርፌዎስ ቁጭ ብሎ በገና ይደረድራል፣ አራዊቱ ዙሪያውን ያደምጣሉ። ታሪኩ የግሪክ፣ በጎኑ ያለው ጽሑፍ ግን ሱርስት ነው። ዘመኑ 194። ከሀገር ተሰርቆ ወጥቶ ዳላስ ደርሶ በ2012 ነው የተመለሰው። የኤዴሳ ሀብታም ሳሎኑን በግሪክ ተረት አስጊጦ መግለጫውን በእናቱ ቋንቋ አስጻፈ። እኛም ሰፈር የአውሮፓ በረዶ ያለበት ፖስተር ሰቅሎ ከሥሩ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ቤት ሞልቷል።

ወደ ምግቡ። ኡርፋ ኢሶት የሚባል በርበሬ አላት። ቀን በፀሐይ ይሰጣል፣ ማታ ተሸፍኖ ያልባል፣ እስኪጠቁር። ሽታው ጭስ ጭስ፣ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። ላህማጁን ላይ ነስንሼ በላሁ፤ ስስ ቂጣ ላይ የተፈጨ ሥጋ ተቀብቶ የሚጋገር ነው። ለሁለቱ 160 ሊራ። ላብ አላበኝም። ባለቤቱ ግንባሬን እያየ ሲጠብቅ ቆይቶ ቅር አለው። የእማዬን ሚጥሚጣ ባቀመስኩት።

ጉዴ የፈላው ቡናው ላይ ነው። ሚራ ይሉታል፤ ደጋግሞ የፈላ፣ ሬት የሚያስንቅ ጥቁር ቡና። ስኒው ጆሮ የለውም፣ ሁለት ፉት ነው። ቡና የኛ ነው ብዬ በኩራት ጠጥቼ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ለካ ስኒው ለቀጂው በእጁ ነው የሚመለሰው። ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ፣ በወጉ መሠረት፣ ወይ ስኒውን ወርቅ ይሞላል ወይ ቀጂውን ይድራል። ቀጂው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። በስልኬ ትርጉም «ሙሽሪት አለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁለተኛውን ስኒ በነጻ ቀዱልኝ።

ጥቅምት 11፣ ማርዲን

አውቶቡስ፣ ሦስት ሰዓት፣ ሜዳ።

ማርዲን ኮረብታ ላይ የተደረደረች የድንጋይ ከተማ ናት። ከታች የመስጴጦምያ ሜዳ እንደ ባሕር ተዘርግቷል። ከከተማው ወጣ ብሎ ዴይሩልዛፋራን ገዳም አለ፤ የሶርያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ መንበር ለዘመናት፣ እስከ 1932 ድረስ፣ እዚህ ነበር። ከኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ናቸው። አስጎብኚው ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰማ ከሰልፉ መሃል ጎትቶ እጄን ጨበጠኝ። ስለ ማርዲን ሌላ ብዙ የምለው የለኝም፤ ታምራለች፣ ፎቶ አንሺ በዝቶባታል።

ጥቅምት 12፣ ሚድያት

ሚኒባሱ 110 ሊራ። ረዳቱ «ሚድያት!» ሲል ወረድኩ። የወረድኩት ኤስቴል ነው። ሚድያት ሁለት ሠፈር እንዳላት ማንም አልነገረኝም፤ አሮጌው የሶርያውያን ሠፈር ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃል። በቀትር ፀሐይ ሻንጣ እየጎተትኩ አዘገምኩ። ሁለት ቀን የናፈቅኳትን ሻንጣ መልሳ ብትጠፋ ባልከፋኝ።

ያረፍኩት አንድ ቤተሰብ ቤት ነው፣ ቁርስና እራትን ጨምሮ። አባትየው ብር አንጥረኛ ናቸው። ልጃቸው ጀርመን አድጎ ስለተመለሰ በእንግሊዝኛ ያስተረጉምልኛል። ሴት አያት አሉ፣ ነጠላ በመሰለ ነጭ ሻሽ የተሸፈኑ። አንዲት ስምንት ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጅ አለች። አካባቢው ጡር ዓብዲን ይባላል፣ የአገልጋዮች ተራራ እንደማለት። ቋንቋቸው ሱራይት ነው፣ ዛሬም የሚነገር አራማይክ፤ ቱሮዮም ይሉታል፣ «የተራራው»።

አያትየው ውኃ አቀረቡልኝ። «ማዮ» አሉ።

የግዕዙ ማይ! እግሬ ሥር ያለው ድካም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው። እኔ ወደ ዕቃው እጠቁማለሁ፣ እሳቸው ይጠሩልኛል። ቤት ባይቶ። ዓይን ዓይኖ። ምላስ ሊሾኖ፤ ልሳን ማለት ነው። ውሻ ካልቦ፤ በግዕዝ ከልብ። አባትየው ጭልፋ የምታህል የብር ጌጥ ላይ ክር የመሰለ ሽቦ እያጠማዘዙ ይቆጥራሉ፦ አርብዖ፣ ሐምሾ። ዳቦ ሲመጣ «ላሕሞ» ተባለ። እዚህ ላይ ሳቅኩ። ላሕሞ ለእነሱ ዳቦ ነው። ለዓረቡ ላሕም ሥጋ ነው። ለግዕዝ ላሕም ላም ናት። ሦስት ወንድማማች አንድ ቃል ወርሰው እያንዳንዱ የሚበላውን ሰየመበት።

ማታ የሠፈሩ የሱርስት መምህር መጡ፤ ማልፎኖ ይሏቸዋል። ቄስ በእነሱ ቀሺሾ ነው፤ የኛ ቀሲስ። ቁርባን ቁርቦኖ። ሃይማኖት ሃይሞኑቶ። ኦሪት ኦራይቶ። ዓርብ ዕሩብቶ። ይሄ እንደ ማይና ቤት የዝምድና ብቻ አይደለም። ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ምጽዋት፣ ጣዖት ሳይቀር፣ በአክሱም ዘመን ከአራማይክ ወደ ግዕዝ የገቡ ቃላት ናቸው። ወንጌልና ዲያቆን ደግሞ ከግሪክ ናቸው። ጴጥሮስና ጳውሎስ መጨረሻቸው «ኦስ» የሆነውም በግሪክ በኩል ስለመጡ ነው። በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዚያ ዘመን ገበያ ሁሉ አለ።

ለቱሪስት «የኢየሱስ ቋንቋ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ሱቅ አይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ማጋነን ነው። የገሊላ ሰው ዘዬ ሌላ ቅርንጫፍ ነበር፤ ሱራይት የአጎት ልጁ እንጂ ልጁ አይደለም። ማልፎኖውም ስነግራቸው ተስማሙ። በእነሱ በራሳቸው እንኳ የከተማውና የገጠሩ አነጋገር ይለያል። አባትየው የሚስታቸውን የገጠር አነጋገር አስመስለው ሲያወሩ ሚስትየው በፎጣ መቷቸው። ጴጥሮስ በግቢው እሳት ሲሞቅ አነጋገርህ ይገልጥሃል የተባለው ይህን ዓይነት ነገር ነው። የገሊላ ልጅ ኢየሩሳሌም ገብቶ አፉን ሲከፍት ታወቀበት።

አያትየው አንድ ጊዜ ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስለ ወላጆቻቸው ሲያወሩ «ሰይፎ» የሚል ቃል መጣ። ልጁ ሊያስተረጉም ሲል እጄን አነሳሁ፤ ገብቶኛል። የ1915ን ጭፍጨፋ የሚጠሩበት ስም ነው። ከዚያም በኋላ ብዙው ሰው ወደ ጀርመንና ስዊድን ተሰደደ። ዛሬ ሱራይት የሚናገረው ሰው ከተራራው ይልቅ ውጭ ሀገር ይበዛል።

ጥቅምት 13፣ ሞር ገብርኤል

ጠዋት በጩኸት ነቃሁ። ልጅቷ ለትምህርት ቤት ረፍዶባታል። ሳሎኑ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። አያትየው ወገባቸውን ይዘው ከበላይዋ ቆመዋል።

«ቁም፣ ባርቲ! ቁም!»

ባርቲ «ልጄ» መሆኑን ማታ ተምሬያለሁ፣ ለሴት ልጅ። «ቁም» ግን ለሴት? ቁርስ ላይ ልጁን ጠየቅኩት። «ሴት ናት እኮ፤ ቁሚ አይባልም?» አልኩት። ግራ ገባው። ለአንድ ሰው ሲታዘዝ ወንድም ይሁን ሴት «ቁም» ነው አለኝ፤ መለያው ከንግግር ወድቋል።

ሻይ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ሲያስነሳት ያለው በኛ መጽሐፍ «ጣሊታ ቁሚ» ነው። ለአማርኛ አንባቢ ትርጉም አያስፈልገውም፣ ማርቆስ ግን ግሪክ ለሚያነብ ሰው ስለጻፈ ይተረጉማል። የሚገርመው፣ ከጥንታውያኑ የግሪክ ቅጂዎች ሁለቱ፣ የ4ኛው መቶ ዓመቶቹ ሲናይቲኩስና ቫቲካኑስ፣ «ቁሚ» አይሉም። «ቁም» ነው የሚሉት። ሌሎች ቅጂዎች «ቁሚ» ይላሉ። በጽሕፈት ሴትነቱ ይታያል፣ በአፍ ግን መጨረሻው ይዋጣል፤ በሱርስትም «ኢ»ዋ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ሰዋስው የሚያውቅ ሰው የሚጽፈው «ቁሚ» ነው። ቤት ውስጥ ልጅ የሚቀሰቅስ ሰው የሚለው «ቁም» ነው።

ከዚህ በኋላ ገዳሙ ትርፍ ነው ብል ኃጢአት እንዳይሆንብኝ። ታክሲ ደርሶ መልስ 1,000 ሊራ ተስማማን። የደረስነው ለምሳ በተዘጋበት ሰዓት ስለነበር ከሾፌሩ ጋር ወይን እየበላን ጠበቅን። ሞር ገብርኤል የተመሠረተው በ397 ነው። የቢዛንታይን ንጉሥ አናስታስዮስ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራው ሞዛይክ ጣሪያው ላይ እስካሁን ወርቁ ያበራል።

ለሠርክ ጸሎት ቆየሁ። ልጆቹ በሁለት አትሮንስ ዙሪያ ለሁለት ተከፍለው ይቀባበላሉ፤ ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ ብቻ ነው የጎደለው። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም። ያ ትንሽ ቅር አለኝ። ከዚያ ሁሉም ቀና ብለው «ቀዲሻት አሎሆ፣ ቀዲሻት ሐየልቶኖ፣ ቀዲሻት ሎ ሞዩቶ» አሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ በሹክሹክታ ተከተልኩ፦ ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት። አንድ ላይ ጨረስን ማለት ይቻላል። ግዕዙ ትንሽ ይረዝማል።

ጥቅምት 14፣ ንጽቢን

የመጨረሻ ቀን። ከተራራው ቁልቁል ወደ ኑሳይቢን፤ የኤፍሬም የትውልድ ከተማ፣ ስንክሳር ንጽቢን የሚላት። የሶርያ ድንበር ከተማው ጫፍ ላይ ነው፤ ሽቦው ይታያል።

የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ በታች ጎድጉዶ ነው ያለው። ያዕቆብ ዘንጽቢን በኒቅያ ጉባኤ ከተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት አንዱ፣ የኤፍሬምም መምህር ነው። መቃብሩ ከሥር ነው፣ በደረጃ ይወረዳል። ግን የፈለግኩት ከውጭ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ነበር። የጥምቀት ቤቱ በ359 መሠራቱን ይናገራል። ኤፍሬም በዚያ ዓመት እዚሁ ከተማ ነበር፤ ወደ ኤዴሳ የተሰደደው በ363 ንጽቢን ለፋርስ ስትሰጥ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ሳያየው አይቀርም።

ጽሑፉ ግሪክ ነው። በሱርስት ገጣሚ ከተማ፣ ሕዝቡ በሱርስት በሚዘምርበት ደጃፍ ላይ፣ ድንጋዩ በግሪክ ተጻፈ። የመንግሥት ቋንቋ ነዋ። ኢዛናም አክሱም ላይ ድሉን ሲያስጽፍ ግዕዙን ብቻ አላመነም፤ ግሪክ ጨመረበት። ፎቶ አነሳሁ። አንድ የሠፈር ልጅ መጥቶ በቱርክኛ አናገረኝ፣ አልገባኝም፤ በኩርድኛ ሞከረ፣ በዓረብኛ ሞከረ። በመጨረሻ «ማኒ?» ብሎ ጣቱን አሻሸ። 10 ሊራ ሰጠሁት።

አዲስ አበባ

ለእማዬ ግማሽ ኪሎ ኢሶት አመጣሁላት። በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች። «ይሄ በርበሬ ታሟል» አለች። ሽሮ ላይ ግን ትንሽ ጨመረች።

ቡናው እስኪፈላ ስለ አያትየውና ስለ ልጅቷ ነገርኳት። ስለ ጣሊታ ቁሚ፣ ስለ አሮጌዎቹ ቅጂዎች፣ ስለ ተዋጠችው «ኢ»። ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣

«ታዲያ ልጅቷ ተነሳች?» አለችኝ።

«ኧረ ምን ተነሳች እማዬ፣ ብርድ ልብሱን ስባ ተጠቀለለች እንጂ። አራት ጊዜ ነው የተጠራችው።»

«ያንተ ቢጤ ናታ» አለችና ረከቦቱን ወደ እኔ ገፋችው። «በል ተነስና ስኒ እጠብ።»